ፊዚክስ ልሙላ ወይስ ስታትስቲክስ? የዲፓርትመንት ምርጫ ሊዘጋብኝ ነው

የደብረብርሃኗ፦
ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ፍሬሽማን ጨርሻለሁ። ጂፒኤዬ 3.8 ስለሆነ የሞላሁት ይደርሰኛል ብዬ አስባለሁ። የምፈልገውንም አውቃለሁ፤ ፊዚክስ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሌላ ነገር አስቤ አላውቅም። አንድ የፊዚክስ ጥያቄ ይዤ ብቀመጥ ምሳ ሰዓት ቢያልፍም አይታወቀኝም። ኬሚስትሪን ግን ቸክዬ ነው ያለፍኩት።

ቤት ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። የሚያስተምረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ባጃጅ እየነዳ ነው እዚህ ያደረሰኝ። ከእኔ በታች ደግሞ ሁለት ተማሪዎች አሉ። እሱ የሚለኝ «ሒሳብ ከወደድሽ ስታትስቲክስ ሙይ፤ ባንክም ይቀጥራል፣ ኤንጂኦም ይቀጥራል። ፊዚክስ ተምሮ ከማስተማር ሌላ ስራ የሰራ ሰው አይተሻል?» ነው። እኛ ሰፈር ፊዚክስ የተማሩት በሙሉ መምህራን ናቸው። ማስተማርን አልንቅም፤ ፊዚክስን ያስወደደኝ መምህሬ ነው። ግን መምህሬ ከክፍል ሲወጣ ቤት ለቤት እየዞረ እያስጠና ነው ኑሮውን የሚደጉመው።

ሌላም የሚያስፈራኝ ነገር አለ። በእኛ ባች ፊዚክስን አንደኛ ምርጫ አድርጎ የሚሞላ አልሰማሁም። ሰቃዮቹ ሶፍትዌርና ኮምፒውተር ሳይንስ ነው የሚሉት። ፊዚክስ የሚገባው ሌላ ያልደረሰው ነው። እና የምጠይቃችሁ፦ በፊዚክስ ባችለር ብቻ ስራ ይገኛል? ስታትስቲክስ ተምሬ በኋላ በማስተርስ ወደ ፊዚክስ መመለስስ እችላለሁ? እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ። አይዞሽ ብቻ አትበሉኝ።

ስታት_ባንክ፦
እህቴ፣ ስታትስቲክስ ተምሬ አንድ የግል ባንክ ሪስክ ክፍል ነው የምሰራው። እኔ ከወንድምሽ ጋር ነኝ።

ብዙ ሰው ስታትስቲክስ ሲባል የሕዝብ ቆጠራ ብቻ ይመስለዋል። ባንክ ያበደረው ገንዘብ ሳይመለስ ቢቀር ስንት እንደሚያጣ አስቀድሞ ገምቶ በሂሳቡ ላይ መያዝ አለበት። አይኤፍአርኤስ 9 የሚባለው የሂሳብ አያያዝ ደረጃ ያስገድደዋል። እኛ የቆየ የብድር መረጃ እናነሳለን። ቡና ላኪው ከግንባታ ተቋራጩ በምን እንደሚለይ እናያለን። ከዚያ ያለመክፈል ዕድሉን በሞዴል እናሰላለን። የምንጠቀምባቸው ዘዴዎች፣ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን፣ ሰርቫይቫል አናሊሲስ፣ ታይም ሲሪስ፣ ሁሉም ክፍል ውስጥ የተማርኩት ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን የምንዛሪ ስጋትም ተጨምሮብናል። የውጭ ባንኮችን የሚያስገባው አዋጅ በ2017 ጸድቋል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም በዚያው ዓመት ጥር ላይ ተከፍቷል። ዘርፉ ሰው ይፈልጋል።

ዋናው ነገር ግን የስራ ማስታወቂያው ነው። እዚህ አገር ማስታወቂያ የሚወጣው በትምህርት መስክ ስም ነው። «በስታትስቲክስ፣ በኢኮኖሚክስ፣ በሒሳብ ወይም በተመሳሳይ» ይላል። ፊዚክስ የሚል ከትምህርት ቤት ውጪ ስንት ጊዜ አየሽ? ኤችአር የተቀመጠው ሰው የፊዚክስ ተማሪ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን እንደሚፈታ አያውቅም። ዝርዝሩን ያያል፣ የሌለበትን ያወጣል። መንግስት ቤትማ የስራ መደቡ የሚጠይቀው መስክ በግልጽ ተጽፎ ነው የተቀመጠው።

ዲግሪው ብቻውን እንደማይበቃም እወቂ። ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም ላይ ቁልፍ መጫን ብቻ ችለው የሚመረቁ ብዙ ናቸው፤ እነሱ ስራ ፍለጋ ይንከራተታሉ። የዳታቤዝ ቋንቋውን ኤስኪውኤል ከቻልሽ፣ ከፕሮግራሚንግ ቋንቋዎቹ ከአር ወይም ከፓይተን አንዱን ከያዝሽ ግን ጥሩ ትቆሚያለሽ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
ወንድሜ ስታት፣ ስለ ማስታወቂያው ያልከው እውነት ነው። ግን ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ የዛሬውን ማስታወቂያ ይዛ አትኖርም።

እ.ኤ.አ. የ2024ቱን የፊዚክስ ኖቤል ማን ወሰደ? ጆን ሆፕፊልድና ጄፍሪ ሂንተን። በምን? በኒውራል ኔትወርክ፣ ማለትም ከአንጎል አሠራር በተቀዳ የኮምፒውተር ሞዴል። ዛሬ ዓለም የሚያወራለት አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አንዱ ሥሩ የብዙ ቅንጣቶችን ባሕርይ በፕሮባቢሊቲ በሚያጠናው ስታቲስቲካል ፊዚክስ ውስጥ ነው። ሂንተን ከሰራቸው ሞዴሎች አንዱ ቦልትዝማን ማሽን ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከፊዚክስ ሊቁ ነው። የአክሲዮን ኦፕሽን (አክሲዮንን ወደፊት በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት) ዋጋ የሚሰላበትን ቀመር ካወጡት አንዱ ፊሸር ብላክም የመጀመሪያ ዲግሪው ፊዚክስ ነበር።

እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ ፊዚክስና ኮምፒውተር ሳይንስ ሁለቱንም ሜጀር አድርጎ ነው የሚማረው። አካባቢያችን ጌይተርስበርግ ላይ የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም አለ፣ ግሪንቤልት ላይ የናሳው ጎዳርድ አለ፣ ኮሌጅ ፓርክ ላይ ኳንተም ኮምፒውተር የሚሰራው አዮንኪው አለ። ፊዚክስ የተማረ ሰው እዚህ ሶፍትዌርም ይገባል፣ ፋይናንስም ይገባል። እዚህ አሜሪካ ላላችሁ ወላጆች ደግሞ አንድ ነገር፦ የመከላከያ ኮንትራክተሮችና ብዙዎቹ የመንግስት ስራዎች ዜግነት ይጠይቃሉ። ልጃችሁ ግሪን ካርድ ላይ ከሆነ ይሄን ቀድማችሁ አስቡበት።

ስታት_ባንክ፦
ጋሼ፣ ልጅዎ ሁለት ሜጀር ይዞ ነው የሚመረቀው። እሷ አንድ ብቻ ነው የምትሞላው፤ አንዴ ከገባች መቀየርም ቀላል አይደለም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ኮዲንግ_ሐዋሳ፦
እኔ ኮምፒውተር ሳይንስ ነኝ። ሁሉም ወደዚህ እየጎረፈ ነው፤ ለጀማሪ የሚወጣው ስራ ግን በዚያ ልክ አላደገም። «ስራ አለው» ስለተባለ ብቻ እንዳትገቢ።

መምህር_ፊዚክስ፦
ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፊዚክስ ነው የማስተምረው። ሁለቱን ጥያቄዎችሽን በቀጥታ ልመልስልሽ።

በባችለር ብቻ ስራ ይገኛል ወይ ላልሽው፣ ከማስተማር ውጪ ጠባብ ነው። ሚቲዎሮሎጂ አለ፣ ጂኦፊዚክስ አለ፣ የጨረር ቁጥጥር አለ፣ እንጦጦ ላይ የህዋ ሳይንሱ አለ። እንጦጦ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። አገራችን በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን ሳተላይት ስታመጥቅም የሥራው ማዕከል እዚያ ነበር። ግን እነዚህ ሁሉ ቢደመሩ በየዓመቱ የሚመረቀውን አይችሉትም። ለማስተማርም ቢሆን ከባችለሩ በላይ ፒጂዲቲ የሚባለው የመምህርነት ዲፕሎማ ይጠየቃል።

ክብደት ያለው ሁለተኛው ጥያቄሽ ነው። ከስታትስቲክስ ወደ ፊዚክስ ማስተርስ መመለስ በጣም ከባድ ነው። ክላሲካል መካኒክስ፣ ኤሌክትሮዳይናሚክስ፣ ኳንተም መካኒክስ የሌለበት ትራንስክሪፕት ይዘሽ ስትመጪ ብዙ ቦታ አይቀበሉሽም። የተቀበለሽም የባችለር ኮርሶችን እንደ አዲስ ያስወስድሻል። ከፊዚክስ ወደ ስታትስቲክስ፣ ወደ ዳታ ሳይንስ፣ ወደ ኮምፒውቴሽናል ሳይንስ ግን መሻገር ይቻላል። ተማሪዎቼ ተሻግረዋል። ሊኒየር አልጀብራው አላቸው። ፕሮባቢሊቲውን በስታቲስቲካል ፊዚክስ በኩል አግኝተውታል። ኮምፒውቴሽናል ፊዚክስ ላይም ኮድ ጽፈዋል። ይሄ በር የሚከፈተው በአንድ ወገን ብቻ ነው።

ስታት ስለ ማስታወቂያው ያለው ግን ልክ ነው፤ በሩ የሚገኘው ማስተርስ ላይ ነው። ስለዚህ ምክር ሊጠይቁኝ የሚመጡትን ልጆች መጀመሪያ የምጠይቃቸው ስለ ቤታቸው ነው። ከተመረቅሽ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ገንዘብ ሳትልኪ ቤተሰብሽ ይቆማል? አይቆምም ከሆነ ስታትስቲክስ ሙይ፤ ማንም እንዲያሳፍርሽ አትፍቀጂ። ይቆማል ከሆነ ፊዚክስ ለእንዳንቺ ዓይነት ተማሪ ብዙ መንገድ አለው።

መንገዱን ልንገርሽ። ጣሊያን ትሪየስቴ ላይ አይሲቲፒ የሚባል ዓለም አቀፍ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል አለ። ፓኪስታናዊው አብዱስ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1964 ያቋቋመው ነው። ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች የአንድ ዓመት የዲፕሎማ ፕሮግራም አለው፤ ወጪውን ራሱ ይሸፍናል። ዲፕሎማውን ጨርሰው ወደ ፒኤችዲ የሚያልፉ ብዙ ናቸው። ኪጋሊ ላይም የዚሁ ማዕከል አጋር የሆነ የምስራቅ አፍሪካ የመሠረታዊ ምርምር ተቋም አለ። ኤይምስ የሚባለው የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም ደግሞ ደቡብ አፍሪካ፣ ሩዋንዳ፣ ጋና፣ ሴኔጋልና ካሜሩን ማዕከላት አሉት፤ በስኮላርሺፕ ማስተርስ ያስተምራል። አሜሪካ ብዙ የፊዚክስ ዲፓርትመንቶች ከባችለር በቀጥታ ፒኤችዲ ያስገባሉ፤ ክፍያው ተሸፍኖ፣ እያስተማርሽ ወይም እየተመራመርሽ ወርሃዊ ገንዘብ ታገኛለሽ። ፉክክሩ ከባድ ነው፣ ቪዛውም እንደዚያው። 3.8 ይዞ የሚጨርስ ተማሪ ግን ለመሞከር የሚበቃ ነው።

ስለ ክፍሉ የፈራሽው እውነት ነው። 70 በመቶው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ በሚመደብበት በ70 ለ30 ጊዜ ሳይፈልጉ የገቡብን ብዙ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ላቦራቶሪያችንም የሚገባውን ያህል ዕቃ የለውም። ግን ክፍሉ ትንሽ ስለሆነ ፈልጎ የመጣን ተማሪ በስም እናውቀዋለን። ቢሮዬ ቁጭ ብሎ ከእኔ ጋር ችግር የሚፈታ ተማሪ በዓመት አንድ ሁለት ነው የማገኘው። ለእሱ የምጽፈው የድጋፍ ደብዳቤ ሁለት ገጽ ይሞላል።

አንድ ነገር ሞክሪ። የፔንዱለም ቀመር ለትንሽ አንግል ብቻ ለምን ይሰራል? ክሩን እስከ 60 ዲግሪ ስበሽ ብትለቂው ጊዜው በስንት ይለወጣል? ጎግል ሳታዪ በወረቀት ሂጂበት። ዋናው መልሱን ማግኘትሽ አይደለም፤ ሳይመጣልሽ ሲቀር የሚሰማሽን ስሜት ተመልከቺ። ዩኒቨርሲቲ ያለው ፊዚክስ አብዛኛው እንደዚያ ነው።

አባት_ነኝ፦
ልጄ፣ እኔ ሁለት ልጆች ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ወንድምሽ ፊዚክስን ጠልቶ አይመስለኝም። የሚፈራው አንቺ ተመርቀሽ ቤት እንዳትቀመጪ ነው። ከእጅ ወደ አፍ እየኖረ የሚያስተምር ሰው የሚፈራው ይሄንኑ ነው። መምህሩ የጻፉትን ጥያቄ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ አንብቢለት። ስንት ዓመት መጠበቅ እንደሚችል እሱ ይንገርሽ። አንቺ አትገምቺለት።

ኤም_ኤንድ_ኢ፦
ስታትስቲክስ ተመርቄ ኤንጂኦ ውስጥ ነበርኩ፤ ዳታ መሰብሰብ፣ ማጽዳት፣ ሪፖርት መጻፍ። ደመወዙ ጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ መንግስት የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤድ ሲዘጋ የእኛ ፕሮጀክት ቆመ፤ የብዙ ጓደኞቼም ቆመ። ስለዚህ «ኤንጂኦም ይቀጥራል» የሚለው እንደ ድሮው አይደለም። ወንድምሽን ለመቃወም አይደለም ይሄን የምጽፈው። ከእኛ መሃል ቶሎ ሌላ ስራ ያገኙት ሒሳቡ የገባቸውና ኮድ የሚጽፉት ናቸው። ቅጽ ሲያስሞሉና ሠንጠረዥ ሲያወጡ የነበሩት እስከ ዛሬ እየፈለጉ ነው። የትኛውንም ብትሞዪ ጠንካራውን ኮርስ አትሽሺ።

የጨረር_ክፍል፦
ዘግይቼ ነው ያየሁት። ፊዚክስ ተምሬ ሆስፒታል ነው የምሰራው። ሜዲካል ፊዚሲስት ነኝ። ይሄ ስራ እንዳለ የሚያውቅ ተማሪ በጣም ጥቂት ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

የካንሰር ታማሚ ጨረር ሲታዘዝለት ሐኪሙ ስንት ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው)፣ የት ቦታ እንደሚያስፈልግ ይወስናል። ያ መጠን ዕጢው ላይ በትክክል እንዲያርፍ፣ አጠገቡ ያለው አከርካሪ ወይም ፊኛ እንዲተርፍ የሚያሰላው ግን ፊዚሲስቱ ነው። ማሽኑ የሚለቀው መጠን ትክክል መሆኑን የምንለካውም እኛ ነን። ልኬቱ ካልተስተካከለ ሕክምና አይጀመርም።

ለረጅም ጊዜ በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነው፤ በኮባልት ማሽን። የማሽኑ የጨረር ምንጭ የሆነው ኮባልት 60 ግማሽ ዕድሜው 5.27 ዓመት ነው፤ በዚያ ጊዜ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ምንጩ እየደከመ ሲሄድ ያንኑ መጠን ለመስጠት ታማሚው ማሽኑ ስር የሚቆይበት ደቂቃ ይረዝማል። ደቂቃው ሲረዝም በቀን የሚታከመው ሰው ይቀንሳል፣ ወረፋው ይረዝማል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የተማርሽው የኤክስፖኔንሻል ቀመር እዚህ የሰው ወረፋ ነው። አሁን ጨረሩን በኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ሊኒየር አክስለሬተሮች ገብተዋል፤ ከአዲስ አበባ ውጪም እንደ ጅማ ያሉ ከተሞች አገልግሎቱን ጀምረዋል። ማሽን በተጨመረ ቁጥር ፊዚሲስት ያስፈልጋል።

መግቢያው የፊዚክስ ባችለር ነው፤ ስታትስቲክስ ተምረሽ ወደዚህ አትገቢም። ከዚያ ማስተርስ አለ። ትሪየስቴ ላይ አይሲቲፒ ከከተማው ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሚሰጠው የሜዲካል ፊዚክስ ማስተርስ ሁለት ዓመት ነው፤ ሁለተኛው ዓመት ሆስፒታል ውስጥ የሚሰራበት ነው። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲም ለዚህ ሙያ ሥልጠና ይደግፋል። የሚቀጠረው ሰው ቁጥር ግን በመቶዎች አይደለም። ቅጥሩም አዝጋሚ ነው። ቢሆንም በፊዚክስ ባችለር ተጀምሮ እዚሁ አገር የሚሰራ፣ በየቀኑ ሰው የሚጠቅም ሙያ ነው። ወንድምሽ «አይተሻል?» ብሎ ጠይቆሽ የለ፤ እንግዲህ አንድ አየሽ።

የደብረብርሃኗ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እያንዳንዱን አንብቤዋለሁ።

መምህር፣ ፔንዱለሙን ሞከርኩት። ሳይን ቴታን በቴታ የምንተካው አንግሉ ትንሽ ሲሆን ስለሚቀራረቡ ነው። 60 ዲግሪ ላይ ልዩነቱ ይታያል። በኃይል ጥበቃ ጀምሬ አንድ ኢንተግራል ላይ ደረስኩና ቆመብኝ። በተራ ዘርዝሬ የመጀመሪያዎቹን ተርሞች ስደምር ጊዜው ወደ 7 በመቶ ይረዝማል። ልክ ነው? ሌሊቱን ሙሉ ሳላውቀው ነጋ።

ወንድሜንም ደወልኩለት። አባት_ነኝ የመከሩኝን አደረግኩ፤ የመምህሩን ጥያቄ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና እስክትመረቂ ችዬሻለሁ፣ ከዚያ በኋላ ማስተርስ የሚያስከፍል ከሆነ ግን አልችልም አለኝ። ገንዘብ ሳልልክ መቆየቴ አይከብደውም፤ የሚከብደው ከተመረቅኩ በኋላም እኔን መርዳት ነው። ለሁለቱ ታናናሾቼ ያስፈልገዋል። ስለ ሜዲካል ፊዚክሱም ነገርኩት። እናታችን የታመመችው በካንሰር ስለነበር ጥቁር አንበሳን ያውቀዋል። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም።

ስለዚህ ፊዚክስን አንደኛ፣ ስታትስቲክስን ሁለተኛ አድርጌ እሞላለሁ። ወጪው የሚሸፈን ማስተርስ እስካገኝ ፒጂዲቲ ይዤ አስተምራለሁ። ይሄን ለወንድሜ ቃል ገብቼለታለሁ። ስታት፣ የመከርከኝን ኤስኪውኤልና ፓይተን ከሁለተኛ ዓመት እጀምራለሁ።

መምህር_ፊዚክስ፦
ልክ ነው፤ ከ7 በመቶ ትንሽ ይበልጣል። የቆመብሽ ኢንተግራል ኤሊፕቲክ ኢንተግራል ይባላል። በተለመዱት ፋንክሽኖች ተጽፎ አያልቅም፤ መቆሙ የአንቺ ድክመት አይደለም። አሁን ደግሞ በፓይተን አስልተሽ አወዳድሪው። የመውጫ ፈተናውንም ከአሁኑ አትርሺ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ 50 በመቶ ዲግሪው አይሰጥም። የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ማስታወሻሽን እንዳትጥዪ።

ስታት_ባንክ፦
እንኳንም ከወንድምሽ ጋር ተስማማሽ። ፊዚክስ ላይ ሆነሽ ከስታትስቲክስ ዲፓርትመንት ሪግሬሽንና ታይም ሲሪስ በምርጫ ኮርስነት መውሰድ ይቻል እንደሆነ ሬጅስትራር ጠይቂ። የማስታወቂያው ነገር አሁንም አለ። ትራንስክሪፕትሽ ላይ እነዚያ ኮርሶች ከታዩ «ወይም በተመሳሳይ» በሚለው በኩል የመግባት ዕድልሽ ይጨምራል።

የአዳማው፦
እኔም እዚሁ ምርጫ ላይ ነኝ፣ ፊዚክስም እወዳለሁ። ግን አባቴ ስራ አቁሟል፤ ከተመረቅኩበት ወር ጀምሮ ቤቱን የማየው እኔ ነኝ። መምህር ያስቀመጡትን ጥያቄ ስመልሰው መልሴ አይቆምም ነው። ስታትስቲክስ ልሞላ ነው። ከፊዚክሱ የሚተርፈኝ ነገር ይኖራል?

መምህር_ፊዚክስ፦
ይኖራል። ፕሮባቢሊቲን በደንብ ያዝ፤ ስቶካስቲክ ፕሮሰስ የሚባለውን፣ በዘፈቀደ የሚለዋወጡ ነገሮችን የሚያጠናውን ኮርስ በምንም ምክንያት አትዝለል። የአበባ ብናኝ ውሃ ላይ የሚርገፈገፈበትን የብራውን እንቅስቃሴ አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ሲያብራራ የተጠቀመው ሒሳብ እዚያ ኮርስ ውስጥ ይመጣልሃል። ቀደም ሲል የተነሳው የኦፕሽን ዋጋ ቀመርም ከዚያው ይነሳል። ሊኒየር አልጀብራና ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ከሒሳብ ዲፓርትመንት ጨምር። ቤቱ ሲረጋጋ ኤይምስ ከስታትስቲክስ የመጣንም ይቀበላል፤ ማመልከቻው ነጻ ነው።

የደብረብርሃኗ፦
የአዳማው፣ ፓይተኑን አብረን እንጀምር? እኔ የፔንዱለሙን እጽፋለሁ፣ አንተ የብናኙን ጻፍ። እዚሁ እንለጥፈውና መምህር ያርሙን።